ሌሊቱን መነሻ ማድረግ፦ በጎንደር ለሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የእንክብካቤ ጥራትና ደኅንነት ዝርዝር መመሪያ

ጧሪ ቀባሪ ያጡ አረጋውያንን ሰብስቦ የሚያኖር ቤት ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በአንድ ሰው ርኅራኄ ነው። ግቢ ይከራያል፣ ፍራሽ ይለመናል፣ ጎረቤት እንጀራ ያዋጣል፣ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ልብስ ያጥባሉ። ዓመት ሳይሞላ ግን በግቢው ሠላሳ ሰው ይኖራል፤ ከእነርሱም ከፊሉ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት፣ ከፊሉ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው፣ ከፊሉም የመርሳት ሕመም የጸናበት ነው። ያን ጊዜ ርኅራኄው ምንም ሳይጎድል ሰው ይወድቃል፣ መድኃኒት ይደገማል፣ ጀርባ ይቆስላል። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት አስተዳዳሪ፣ ነርስና ተንከባካቢ የተጻፈ ሲሆን፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ነገሮችን ትቶ በደብተር፣ በሥርዓትና በትጋት ሊሠራ በሚችለው ላይ ያተኩራል። አካሄዱም ከሌሊቱ ይነሣል፤ ምክንያቱም በቀን ለመጣ እንግዳ የሚታየው የተጠረገ ግቢና የተነጠፈ አልጋ ነው፣ የቤቱ ጉድለት ግን ጎልቶ የሚወጣው ሠራተኛው ሲያንስ፣ መብራቱ ሲጠፋና ሁሉም ሲተኛ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ አንድ ሌሊት ተቀምጦ ማየት

ምንም ዓይነት ደንብ ከመጻፍዎ በፊት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በመኝታ ቤቶቹ መተላለፊያ ላይ ወንበር አስቀምጠው፣ ባትሪና ደብተር ይዘው ይቀመጡ። ተረኛውን ለመቆጣጠር እንዳልመጡ አስቀድመው ይንገሩት፤ አለበለዚያ የሚያዩት የዚያን ሌሊት ብቻ የሆነ ትጋት ይሆናል። በደብተሩ ላይ የሚጻፉት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ማን በስንት ሰዓት ተነሣ፣ ለምን ተነሣ፣ ሲጣራ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምላሽ አገኘ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ምን ይዞ ሄደ፣ በመንገዱ ላይ ምን አደናቀፈው፣ መንቀሳቀስ የማይችሉት ስንት ጊዜ ተገላበጡ።

እኔ ይህን በሞከርሁበት ቤት በአንድ ሌሊት ከተነሡት አረጋውያን አብዛኞቹ የተነሡት ለሽንት ነበር፤ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ በግቢው ማዶ፣ ሁለት ደረጃ ወርዶ የሚገኝ ነበር። አንዲት እናት ማታ ማታ ውኃ እንደማይጠጡ የነገሩኝም ያን ሌሊት ነው፤ ምክንያታቸው ጨለማውን መፍራት ብቻ ነበር። ቀን ቀን «ውኃ አልጠጣም ይላሉ» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ምንጩ ሌሊት እንደሆነ ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች አብዛኞቹ ከእንዲህ ዓይነት ደብተር የሚወጡ ናቸው።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ገጽ

አንድ አረጋዊ ወደ ቤቱ በገባ በመጀመሪያው ቀን ስለ እርሱ አንድ ገጽ ይጻፍ። ስም፣ ግምታዊ ዕድሜ፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የቅርብ ዘመድ ወይም የቀድሞ ጎረቤት ስልክ፣ ያለበት ሕመም፣ የሚወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የማይስማማው መድኃኒት ወይም ምግብ፣ የማየትና የመስማት ሁኔታ፣ ያለ ረዳት መራመድ መቻል አለመቻሉ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ይመዝገብ። የመግቢያ ክብደትና የደም ግፊት ቁጥርም በዚያው ገጽ ላይ ይስፈር፤ ወደፊት የሚመጣው ለውጥ ሁሉ የሚለካው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነውና።

በብዙ ቤቶች የማይጻፉ ሁለት ነገሮች ግን ከሁሉ ይልቅ ለአረጋዊው ትልቅ ናቸው። አንደኛው አጠራሩ ነው። ሁሉንም «አባባ» ወይም «እማማ» ማለት ፍቅር ቢመስልም፣ ዕድሜ ልካቸውን መሪጌታ፣ እማሆይ፣ ሐጂ ወይም ሻለቃ ተብለው የኖሩ ሰዎች ማዕረጋቸው ከአጥሩ ውጭ ሲቀር የሚሰማቸውን ጠይቆ ማወቅ አያስቸግርም። ሁለተኛው የመጨረሻው ጉዳይ ነው፤ ንስሐ አባታቸው ማን እንደሆኑ፣ በየትኛው ደብር ወይም መካነ መቃብር ማረፍ እንደሚፈልጉ፣ ዕድር እንዳላቸው፣ ለማን እንዲነገርላቸው እንደሚሹ ገና በደኅናቸው ይጠየቅ። አርባ አራት ታቦት በሚባልባት ከተማ አንድ አዛውንት ባልመረጡት ቦታ መቀበራቸው የቤቱ ጉድለት እንጂ የአጋጣሚ ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሦስተኛው እርምጃ፦ መድኃኒት

በአረጋውያን ቤት ውስጥ ከሚደርሱ ስሕተቶች በቀላሉ ሊታረሙ የሚችሉት የመድኃኒት ስሕተቶች ናቸው፤ ሆኖም ሁለት የራሳችን ወጥመዶች አሉብን።

የመጀመሪያው የሰዓት ነው። ሐኪም በማዘዣው ላይ «8፡00» ብሎ ሲጽፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ተንከባካቢዋ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት አድርጋ ብታነበው አትወቀስም። በመካከሉ ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ለኢንሱሊን ወይም ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከሆስፒታል የመጣ ማዘዣ ሁሉ በቤቱ የመድኃኒት ሠንጠረዥ ላይ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር፣ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» የሚለው ቃል ታክሎበት እንደገና ይጻፍ፤ የጻፈው ሰው ይፈርም፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከማዘዣው ጋር አስተያይቶ ይፈርም።

ሁለተኛው የዘመን ነው። በመድኃኒት ፓኬት ላይ የታተመው የአገልግሎት ማብቂያ በፈረንጅ ዘመን ነው። ለምሳሌ በሰኔ ወር 2018 ዓ.ም. አካባቢ የሚያበቃ መድኃኒት ላይ 06/2026 ተብሎ ይታተማል፤ ቁጥሩን በእኛ ዘመን ያነበበ ሰው መድኃኒቱ ገና ስምንት ዓመት የሚቆይ ይመስለዋል። በልገሳ የሚመጣ መድኃኒት በሚበዛበት ቤት ይህ ዘወትር የሚገጥም አደጋ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ መደርደሪያው ሙሉ በሙሉ ይፈተሽ፤ የእያንዳንዱ ብልቃጥና ፓኬት ማብቂያ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በትልልቅ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት።

በሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ ተንከባካቢው አምስት ነገሮችን በቃሉ ይጠይቅ፦ ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው ሰዓት፣ ትክክለኛው አሰጣጥ። ፊርማው መድኃኒቱ በተዋጠ በዚያው ቅጽበት ይሁን፤ ቀድሞ ለሁሉም መፈረም ወይም ማታ ላይ የቀኑን ሁሉ ማሟላት መዝገቡን ዋጋ ያሳጣዋል።

ስኳር ላለባቸው ነዋሪዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጥ እንጂ ከበረዶ ጋር አይነካካ፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። የተከፈተው ግን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ጥላ ቦታ እስከ 28 ቀን ያገለግላል፤ የተከፈተበት ቀን በብልቃጡ ላይ ይጻፍ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ማቀዝቀዣውን አዘውትሮ አለመክፈት፣ መብራቱ ለረጅም ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈተውን በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ በአደራ መስጠት ይሻላል። ስኳር የወረደበት ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ንግግሩ ይምታታል፤ በአረጋዊ ላይ ግን ምልክቱ መፍዘዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከ70 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. በታች ካሳየ ወይም መለኪያ ከሌለና ጥርጣሬ ካለ፣ መዋጥ ለሚችል ሰው አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተሻለው መድገም ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

እዚህ ላይ ጾም ይመጣል። ሁለት ወር በሚጠጋው በዐቢይ ጾም አብዛኞቹ አረጋውያን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የዋጠ ወይም ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ይህን ካደረገ ስኳሩ ይወርዳል። በረመዳን ለሚጾሙ ሙስሊም ነዋሪዎችም ነገሩ ያው ነው። «አይጹሙ» ብሎ ማዘዝ መድኃኒቱን ደብቆ መጣልን ነው የሚያመጣው፤ ይህን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን እንዲያይ ይጠየቅ፤ ለታመመ ሰው የሚፈቀደውን ደግሞ ንስሐ አባቱ ወይም ሼኩ በአንደበታቸው ይንገሩት። ከካህን የመጣ «መድኃኒትህን ውሰድ፣ ቁርስህን ቅመስ» የሚል አንድ ቃል ከነርስ አሥር ምክር ይበልጣል። ጸበል የሚሄዱ ነዋሪዎች መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡም በዚሁ መንገድ መነጋገር ይቻላል።

አራተኛው እርምጃ፦ መውደቅ

አረጋዊ ሰው ሲወድቅ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ የጭን አጥንት አናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መተኛት፣ ከመተኛት የሳንባ ምችና የአልጋ ቁስል ይከተላል። ስለዚህ ይህ ክፍል ከሌሎቹ ረዘም ቢል አያስገርምም።

በመኝታ ቤቱ ይጀምሩ። አልጋው ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት የሚነካ፣ ጉልበቱም ቀጥ ባለ ማዕዘን የሚታጠፍ ካልሆነ አልጋው ረዝሟል ወይም አጥሯል፤ ረጅሙን የእንጨት እግር መቁረጥ የአንድ አናጺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የበሩ ደፍ በደማቅ ቀለም ይቀባ። ለመኝታ ቤቶቹና ለመተላለፊያው በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት ይገዛ፤ የከተማው መብራት ሲጠፋ ሻማና ኩራዝ መለኮስ አንዱን አደጋ በሌላ መተካት ነው። መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ከሆነ ሌሊት በየአልጋው ሥር ፖፖ ይቀመጥ፣ ሲነጋም ያለ ማሳፈር ይደፋ። ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ባለው ግድግዳ ላይ መያዣ እንጨት ይመታ።

ልብስንም ይመልከቱ። ከትከሻ ወርዶ መሬት የሚጎተት ጋቢ በሌሊት የሚያደናቅፍ ነገር ነው፤ ጋቢውን ከመከልከል ይልቅ ለሽንት ሲነሡ የሚደርቡት አጭር ሹራብ በአልጋው ራስ ላይ መስቀል ይቀላል። የከዘራውና የምርኩዙ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ እንጨቱ በሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል፤ አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ የሚያለብስ ሰው በገበያ አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ ሰውየውን ራሱን መመርመር ይገባል። ነዋሪው አምስት ደቂቃ ተኝቶ ሳለ የደም ግፊቱ ይለካ፤ ከቆመ በኋላ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይደገም። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሰውየው ሲነሣ የሚያዞረው ለዚህ ነውና ለሐኪሙ ይነገር። እስኪታይ ድረስ በአልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጦ፣ እግሩን አፍታትቶ እንዲነሣ ይለመድ። ፉሮሴማይድን የመሰለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ማታ የሚሰጥ ከሆነ ሐኪሙ ወደ ጠዋት እንዲያዛውረው ይጠየቅ፤ ይህች አንዲት ለውጥ ብቻ የሌሊት መነሣትን ስትቀንስ አይቻለሁ። እንቅልፍ የሚያመጡ እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶችም በአረጋዊ ላይ መውደቅን ያባብሳሉ፤ የሌሊት ተረኛው ሥራ እንዲቀልለት ተብሎ የሚሰጥ የእንቅልፍ መድኃኒት በምንም መንገድ ሊፈቀድ አይገባም።

እግርን ማጠንከርም ሌላው መንገድ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ መጦሪያው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግሮ ተማሪዎች በመምህር ክትትል ከወንበር መነሣትንና መቀመጥን፣ ግድግዳ ይዞ ቆሞ ተረከዝ ማንሣትን የመሳሰለውን እንቅስቃሴ እንዲያለማምዱ ቢጠይቅ ቤቱም ተማሪውም ይጠቀማል።

አንድ ሰው ወድቆ ሲገኝ ቸኩሎ ማንሣት አይገባም። መጀመሪያ በወደቀበት ያናግሩት፤ ራሱን መትቶት እንደሆነ፣ አንገቱን እንደሚያመው ይጠይቁ። አንዱ እግር ከሌላው አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ጭኑ እንደተሰበረ ቆጥረው ሳያቆሙት በጠንካራ ነገር ላይ አጋድመው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ራሱን የተመታ ሰው፣ በተለይ ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ደኅና ቢመስልም በሐኪም ይታይ። ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ምን ሊያደርግ ሲነሣ እንደወደቀ፣ ምን እንደለበሰና መብራት እንደነበረ ይጻፍ። «አርጅተዋል፣ ወደቁ» የሚል መዝገብ መዝገብ አይባልም።

አምስተኛው እርምጃ፦ የአልጋ ቁስል

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ በወንበር የሚውለው ደግሞ በየሰዓቱ ክብደቱን እንዲያዛውር ይረዳ። ለዚህ በአልጋው ራስጌ ላይ ከምሽቱ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ሰዓት ተብሎ የተከፋፈለ ወረቀት ይሰቀል፤ ተረኛው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወይም በጀርባ ብሎ ይጻፍበት። በጎን ሲያስተኙ ሙሉ በሙሉ በዳሌ አጥንት ላይ ከማሳረፍ ይልቅ በጀርባው ትራስ አስገብቶ ዘንበል ማድረግ ይሻላል። ተረከዝ አልጋውን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ይደረግ። ቦታ ሲያስለውጡ በሁለት ሰው ሆኖ በአንሶላ ማንሣት ይገባል፤ መጎተት ቆዳን ይልጣል።

ስለ አልጋ ቁስል የተጻፉ ብዙ መግለጫዎች «የሚቀላ ቆዳ» ይላሉ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። እኛ የምንፈልገው ከአካባቢው የጠቆረ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ሲዳሰስ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም እንደ ሊጥ የላላ፣ ሲነኩት የሚያም ቦታ ነው። በየቀኑ በሚታጠቡበት ጊዜ ወገብ ታችን፣ ዳሌን፣ ተረከዝን፣ ክርንን፣ የራስ ቅል ጀርባን በእጅ ጀርባ እየዳሰሱ መመልከት ይገባል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገኝ ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል፤ መሐሉ ቀዳዳ በሆነ ቀለበት መሳይ መቀመጫ ላይ ማስቀመጥም በዙሪያው ያለውን ደም ይዘጋል። መፍትሔው ሰውየው በዚያ ጎን እንዳይተኛ ማድረግና ለነርስ ማሳወቅ ነው። ቆዳው ከተከፈተ ቅቤ፣ አልኮል ወይም ሌላ ነገር ሳይቀቡ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በሽንት የራሰ አንሶላ ሥር ላስቲክ ማንጠፍ ፍራሹን እንጂ ሰውን አያድንም፤ እርጥበቱ የሚለወጥበት ሰዓት በዚያው ወረቀት ላይ ይጨመር።

ስድስተኛው እርምጃ፦ ምግብና መጠጥ

በየወሩ ሁሉም ነዋሪ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ይመዘን። በአንድ ወር 5 ከመቶ ወይም በስድስት ወር 10 ከመቶ የቀነሰ ሰው በሐኪም መታየት አለበት፤ 50 ኪሎ የነበሩ እናት 47 ኪሎ ተኩል ቢሆኑ ለዓይን አይታወቅም፣ በሚዛኑ ግን ይታወቃል። የክብደት መቀነስ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጥርስ ነው። ደረቅ እንጀራ መቁረስ ለማይችሉት ፍትፍት፣ ገንፎ፣ አጥሚት ማቅረብ፣ በጾም ወራት ደግሞ ወተትና እንቁላል ስለሚቀር ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ሽሮውን በየዕለቱ ማሟላት ያስፈልጋል።

ስትሮክ የመታው ሰው ሲመገብ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ ይጉረስ፣ የቀደመው ጉርሻ ሳይዋጥ ሌላ አይጨመር፣ ከበላ በኋላም ሠላሳ ደቂቃ አይጋደም። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ቢሆንም ለእንዲህ ያለ ሰው ትልቅ ጉርሻ አደጋ ነው፤ በበዓል የሚመጡ እንግዶች ይህ ይነገራቸው። ሲመገብ የሚያስለው ወይም ጉሮሮው ውኃ እንደያዘ ሁሉ ድምፁ የሚለወጥ ሰው ካለ ለሐኪም ይነገር።

ውኃን በተመለከተ፣ አረጋዊ የመጠማት ስሜቱ ስለሚደክም «ሲጠማዎት ይንገሩን» ማለት ብቻውን አይሠራም። ሐኪም ካልከለከለው በስተቀር የቀኑን መጠጥ አብዛኛውን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማጠጣት፣ በየሁለት ሰዓቱ ብርጭቆ ይዞ መዞር ሌሊቱንም ቀኑንም ያስማማል።

ሰባተኛው እርምጃ፦ ንጽሕናና ተላላፊ በሽታ

የጎንደር ውኃ ከአንገረብ ግድብም ይምጣ ከጉድጓድ፣ በቧንቧው ብቻ መተማመን አይቻልም። ተኝቶ ለሚታከም ሰው በቀን ቢያንስ 40 ሊትር ታስቦ ቢሰላ፣ ለሠላሳ ነዋሪ በቀን 1,200 ሊትር፣ ለሦስት ቀን መጠባበቂያ 3,600 ሊትር ማለት ነው፤ ሮቶው በዚህ ይለካ። እጅ በሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይውሰድ፤ አንዱን ነዋሪ አጥቦ ወደ ሌላው ሲሄዱ መታጠብ ከሁሉ የሚቀድም ነው።

ለወለልና ለመጸዳጃ፣ 5 ከመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውኃ ቢቀላቀል 0.5 ከመቶ ይሆናል፤ በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጅ፣ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር፤ እስከዚያው መስኮት ባለው ለብቻ ክፍል ይደር። እከክ በአንዱ ላይ ከታየ የታመመውን ብቻ ማከም ከንቱ ድካም ነው፤ ነዋሪውም ሠራተኛውም በአንድ ቀን ይታከሙ፣ ሕክምናው እንደ መድኃኒቱ ዓይነት በሐኪም መመሪያ ይደገም፣ የተለበሰውና የተነጠፈው በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ የማይታጠበው በላስቲክ ታስሮ ለሦስት ቀን ይቀመጥ።

ስምንተኛው እርምጃ፦ ከሰል

በታኅሣሥ ብርድ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ፈጽሞ ይከልከል። የከሰል መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ፍሙ በደንብ ስለቀላና ጭሱ ስለጠፋ ደኅና ሆነ የሚለው እምነት የተሳሳተ ነው። ቡናውን ግን አያስቀሩ፤ በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ሁሉም ተጠርቶ ይውጣ። ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ ካልሲና የራስ ሹራብ ይሻላል።

ዘጠነኛው እርምጃ፦ ክብርና በደል

የሚጦሩት አረጋዊ ውለታ እንደተዋለለት ስለሚያስብ ቅሬታውን በቀላሉ አይናገርም። ስለዚህ ቅሬታ ሰሚው የቤቱ ሠራተኛ ያልሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ የታመነ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ከነዋሪው ጋርም ለብቻ ይቀመጥ። በክንድ ላይ የጣት ምልክት፣ ሠራተኛ ሲገባ ድንገት ዝም ማለት፣ ምክንያት የሌለው ክብደት መቀነስ ከታየ ይመርመር። ሰውን ከአልጋ ጋር ማሰር ወይም በር ቆልፎ ማሳደር መፍትሔ አይደለም፤ የታሰረ ሰው ለመላቀቅ ሲታገል ይበልጥ ይጎዳል። የመርሳት ሕመም ኖሮበት ሌሊት የሚንከራተት ሰው ብዙ ጊዜ ሽንቱ መጥቶ፣ ርቦት ወይም አሞት ነው፤ እነዚህን ሦስቱን መጀመሪያ ይጠይቁ።

የጡረታ ገንዘብ የሚቀበል፣ የተቀመጠ ጌጥ ወይም ስልክ ያለው ነዋሪ ንብረቱ በመዝገብ ላይ በሁለት ሰው ፊርማ ይያዝ። ሌላም አለ፤ አረጋዊው ሲመገብ፣ ሲታጠብ ወይም ሲያለቅስ እየቀረጹ በፌስቡክና በቲክቶክ ለርዳታ ማሰባሰቢያ መለጠፍ እየተለመደ መጥቷል። ገንዘቡ ለበጎ ቢውልም፣ በአንድ ወቅት በሰፈሩ የተከበረ ሰው ፊቱ በዚያ ሁኔታ እንዲታይ ይፈልግ እንደሆነ ሳይጠይቁ መለጠፍ አይገባም፤ ፊቱ ሊለጠፍ የሚገባው ቪዲዮው የት እንደሚታይ የተገለጸለትና እሺ ያለ ሰው ብቻ ነው። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው «እሺ» ማለቱ ፈቃድ ተብሎ አይቆጠርም።

አሥረኛው እርምጃ፦ ተረኛና ርክክብ

ሌሊት አንድ ተረኛ ብቻ መመደብ፣ አንድ ሰው ሲወድቅ ሌላው እንዳይጠበቅ ማድረግ ነው፤ ሁለት ይሁኑ። የቀኑና የሌሊቱ ተረኞች ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከንጋቱ 12 ሰዓት በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ቆመው ይረካከቡ፦ ማን አልበላም፣ ማን አዲስ መድኃኒት ጀመረ፣ ማን ዛሬ ከወትሮው ተለየ።

የጥምቀት ሰሞን በጎንደር ለብቻው ዕቅድ ይፈልጋል። በጥር 10 ከተራ ሁሉም ታቦቱን ተከትሎ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ መውረድ ይሻል፤ ቤቱም በአንድ ሰው እጅ ይቀራል። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ዝርዝር ወጥቶ ከፊሉ በ10፣ ከፊሉ በ11፣ የቀሩት በ12 እንዲሄዱ ይደረግ። መሄድ የሚችሉ ነዋሪዎችም ታቦቱ ሲያልፍ እንዲያዩ ወንበር ይዘጋጅላቸው።

አሥራ አንደኛው እርምጃ፦ መቼ ወደ ሆስፒታል

በአረጋዊ ላይ ከባድ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ትናንት ስምዎን የሚያውቁ ሰው ዛሬ ድንገት ከተምታታባቸው ይህ እርጅና አይደለም፤ በዚያው ቀን ይታዩ። ፊት በአንድ ወገን መጣመም፣ ክንድ መዛል፣ ንግግር መጎተት ካለ የጀመረበትን ሰዓት ጽፎ ወዲያው መሄድ ነው። ለሌሊት አስቀድሞ ስልኩ የተያዘ፣ ዋጋ የተስማማ የባጃጅ ወይም የመኪና ሹፌር ይኑር፤ ቁጥሩ ከአምቡላንስ ቁጥር ጋር በግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ከበሽተኛው ጋር የአንዱ ገጽ ቅጂና የመድኃኒቱ ሠንጠረዥ አብሮ ይሂድ፤ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ስለማያውቀው ሰው ከአስታማሚው የሚሰማው «እኔ ዛሬ ነው የገባሁት» እንዳይሆን።

አሥራ ሁለተኛው እርምጃ፦ ቁጥር መያዝ

በየወሩ አራት ነገሮች ብቻ ይቆጠሩ፦ መውደቅ፣ አዲስ የአልጋ ቁስል፣ የመድኃኒት ስሕተት፣ ከተወሰነው በላይ የቀነሰ ክብደት። የነዋሪው ብዛት ስለሚለዋወጥ ቁጥሩ በነዋሪ ቀን ይሰላ። ሠላሳ ሰው ለሠላሳ ቀን ከኖረ 900 የነዋሪ ቀን ነው፤ በዚያ ወር አራት ሰው ከወደቀ 4ን በ1,000 አባዝቶ ለ900 ማካፈል 4.4 ይሰጣል፤ ይህም ለ1,000 የነዋሪ ቀን 4.4 መውደቅ ማለት ነው። ስሕተቱን ራሱ ያስመዘገበ ሠራተኛ አይቀጣ፤ ቅጣት ከተጀመረ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ይወርዳል፣ አደጋው ግን ባለበት ይቀጥላል። ሆን ብሎ የበደለ ግን በዚህ ሽፋን አይታለፍ።

በወሩ መጨረሻ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ከአራቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ የወደቁት አራቱም ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት አንድ ተረኛ እየዞረ ሽንት የሚመጣባቸውን አስቀድሞ እንዲቀሰቅስ ይሞከርና በሚቀጥለው ወር ይታይ። ካልሠራ ይተውና ሌላ ይሞከር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ እንደገና ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋት አንድ ሌሊት ተቀምጦ ይታይ፤ በዚህ ጊዜ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው አስተዳዳሪው ሳይሆን የቀን ተረኛ ከሆኑት አንዱ ይሁን።